የመዘምራኑ መቆሚያ

ብረት አይዋሽም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ብረት ገዝተው አያውቁም። ላዩ ላይ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ተብሎ የተጻፈበት ውስጠ ክፍት ቱቦላሬ ሲቆረጥ አንድ ተኩል ሆኖ ይገኛል፤ ቀጥ ያለ የመሰለው ደግሞ መሬት ላይ ሲንከባለል እንደ ሰካራም ይወላገዳል። እኔ መኩሪያ ከሀይሌ ጋርመንት ዝቅ ብሎ ባለው የራጉኤል ብረታ ብረት ቤት በያጅ ነኝ። ጎበዝ በያጅ ነኝ። ይህን የምለው ትሕትና ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መደበቅ ስለማልወድ ነው።

የእኔ አሠራር የታወቀ ነው። አንዱን ቆርጬ አቆማለሁ። ሁለተኛውን ከቆመው ላይ ለክቼ እቆርጣለሁ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከሁለቱ ላይ። ብረቱ ቢዋሽም እኔ እግር በእግር እየተከተልኩ አርመዋለሁ። በር በሉት፣ መስኮት በሉት፣ የውሃ ሮቶ መቆሚያ በሉት፣ ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም የእጄ ሥራ የሌለበት መንደር የለም። ታዲያ አንድ ጠዋት ራጉኤል ላፕቶፕ ያዘለች ልጅ አስከትሎ መጣና፣

«ሄርሜላ ትባላለች። የምንሠራውን ሁሉ ከመሥራታችን በፊት ኮምፒውተር ላይ ትሠራልናለች» አለኝ።

«ከዛ እኛ ምን ልንሠራ?» አልኩት።

ልጅቱ ሳቀች። ሳቋ አናደደኝ፤ እኔ እንደሆነ ቀልድ አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጭቅጭቅ ነበር። እሷ ልኩን የጻፈችበትን ወረቀት ትሰጠኛለች፣ እኔ የእጄን ዘይት እጠርግበታለሁ። እሷ «ጋሽ መኩሪያ፣ ሁሉም አንዴ ይቆረጥ፣ ጊዜ ይቆጥባል» ትላለች፤ እኔ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እላታለሁ። የምትሸሽ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ብየዳው አጠገብ አምጥታ፣ ላፕቶፑን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ አልብሳ፣ እኔ የማደርገውን እያየች ትጠይቀኛለች። በጥያቄዋ ብዛት ነው መሰለኝ አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ራጉኤልን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ወይ እሷ ወይ እኔ» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው።

ራጉኤል የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ግን እልኸኛ ነው። እንዲህ አለኝ፦

«ጥሩ። የመዘምራን መቆሚያ ታዝዘናል። ያንን ሄርሜላ ትነድፋለች፤ አንተ ሜትርህን ሳታወጣ በእሷ ወረቀት ብቻ ትቆርጣለህ። ከገጠመና እንከን ሳይወጣበት ከቀረ፣ ከዛ ወዲያ በዚህ ቤት ሥራ የሚሠራው በንድፍ ነው፣ አንተም አፍህን ትይዛለህ። እንከን ወጥቶበት እንደገና እጃችንን ካስነካ ግን እሷ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እኔም ሰምቻለሁ። እስማማለሁ» አለች ሄርሜላ። የተናገረችው ሻይ እንደሚያዝዝ ሰው ነው። ለእሷ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። ከተመረቀች ወዲህ በየድርጅቱ ስትዞር ሁሉም ንድፍ ትተሽ ሰነድ አስገቢ፣ ስልክ አንሺ ሲሏት ነው የኖረችው። በሙያዋ ያስቀመጣት የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ሰምቻለሁ ያልኩት።

መቆሚያውን ያዘዘን ላፍቶ ያለ የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ነው። የመዘምራኑ ኃላፊ አስቴር የምትባል ሴትዮ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ የሚስቅ፣ ሥራ ሲሆን ግን ዋዛ የማታውቅ። እሑድ ትልቅ ጉባኤ አላቸው፣ ከየአጥቢያው የሚመጡ ልጆች ከእነርሱ ጋር ይዘምራሉ። የምትፈልገው ሦስት እርከን ያለው፣ እየተፈታ የሚጫን መቆሚያ ነው። «ወንድም መኩሪያ፣ ልጆቼን አደራ» አለችኝ። ወንድም ብሎ የጠራኝ ሰው ከእናቴ ልጆች ውጭ አልነበረምና ትንሽ ደነገጥኩ።

ሄርሜላ ሥራውን ስትጀምር ጠራችኝ። ማየት አልፈልግም ብዬ ሄጄ አየሁ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ መስመር ብቻ ነው የሠራችው፣ ውፍረት የሌለው፣ አየር ላይ የቆመ መስመር። አጥንት በሉት። ቀጥላ የቱቦላሬውን ዓይነት መርጣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ስትነካቸው ብረት ለበሱ። ክብ ቱቦላሬ፣ ከነውስጡ ክፍተት። ኮምፒውተሩ የራሱ የብረት ዝርዝር አለው፤ እሷ ግን እሱን አላመነችም። ግቢያችን ውስጥ ካለው ብረት ቁራጭ አምጥታ ውፍረቱን በካሊፐር ለክታ ያገኘችውን ነው ያስገባችው። እዚህ ላይ ሳልወድ ወደድኳት።

መልሼ ግን ስህተት ፈለግሁባት። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ። አንዱ ቱቦ የሌላው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይታያል።

«በአንቺ ኮምፒውተር ሁለት ብረት አንድ ቦታ ላይ ይኖራል። በእኔ ቤት አይኖርም» አልኳት።

«ትንሽ ይታገሱኝ» አለችና የሆነ ነገር ነካች። የገባው ጫፍ ተቆርጦ ወደቀ፤ የቀረው አፉን ከፍቶ ሌላውን ቱቦ ዙሪያውን አቀፈው። ከዚያ ያንን የተቆረጠ አፍ ዘርግታ በወረቀት አተመችው። ወረቀቱ ቱቦላሬው ላይ ሲጠመጠም የመቁረጫው መስመር ራሱ ይመጣል፤ በጠመኔ ተከትሎ በግራይንደር መብላት ነው።

«ሲበየድ ብረቱ ወዴት እንደሚስብ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ከየት ጀምረው ይበይዳሉ?» አለችኝ። እኔ ነገርኳት፣ እሷ ቅደም ተከተሉን በዚያ መሠረት ጻፈች።

በመጨረሻ ክብደት ጫነችበት። በየእርከኑ የሚቆሙትን መዘምራን ብዛት ጠይቃ፣ የሁሉንም ክብደት አብዝታ፣ ወደታች ጫነች። ኮምፒውተሩ ብረቱ የሚጨነቅበትን ቦታ ቀይ ያደርገዋል፣ የማይጨነቀውን ሰማያዊ። ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። መጀመሪያ ከኋላ በኩል ሰያፍ ደጋፊዎች አድርጋ ነበር፤ ሰማያዊውን ስታይ «እነዚህ ሥራ ፈቶች ናቸው» ብላ አጠፋቻቸው። እኔም ብሆን አጠፋቸው ነበር። ሰው ቆሞ ለሚዘምርበት ነገር ሰያፍ የሚያስገባ በያጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሜትሬን ራጉኤል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን እርከን ስገጥም በልቤ ይህ ነገር አይሆንም እያልኩ ነበር። ገጠመ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ገጠመ። የቱቦዎቹ አፍ የሌላውን ወገብ ሲይዝ ምስማር የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። ስኳድራ አስቀምጬ ማዕዘኑን ፈተሽኩ፣ አሁንም ልክ ነው። ሠራተኛው ተሰብስቦ የእኔን ፊት ነው የሚያየው፣ ብረቱን አይደለም። ስኳድራውን አስቀምጬ ቀጣዩን ቱቦ አነሳሁ። ሳልሳደብ መቀጠሌ ለሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው። ራጉኤል ቀለም ሲቀባ ራሱ ቆሞ አስቀባ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» እያለ አወራ።

ዓርብ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ላፍቶ ሄድን። አዳራሹ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ መጋረጃ የተንጠለጠለበት ነው። መቆሚያውን በብሎን አሠርነው። አስቴር እየዞረች በእጇ ዳሰሰችው፣ «ተባረኩ» አለች። መዘምራኑም ሊሞክሩት መጥተው ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ከላይኛው እርከን ላይ ደግሞ ትንንሽ ልጃገረዶች ከጀርባ። ወጡ፣ ቆሙ። መቆሚያው እንደ ዓለት ነው። ሄርሜላ ወደ እኔ ዞር ብላ ቅንድቧን አነሳች። አፌን እንድይዝ የተነገረኝ ውል መድረሱን ነው የምትነግረኝ።

ከዚያ አስቴር እጇን አነሳች፣ ከበሮና ኪቦርድ ጀመረ።

እኔና ሄርሜላ፣ ራጉኤልም ጭምር፣ የኦርቶዶክስ ልጆች ነን። በዚያ አዳራሽ በር እያለፍን ዝማሬ ሰምተናል፤ ገብተን ግን አላየንም። እኛ ጋ ሲዘመር መሬት ላይ ተቁሞ ነው፤ ይሸበሸባል፣ ይጨበጨባል፣ ለዘብ ብሎ ነው። እነዚህ ግን ዘለሉ። ሁሉም በአንድ ምት፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው እየተነሱ። ደስታቸው ያምራል። እኔ ግን ደስታቸውን አላየሁም፣ የላይኛውን እርከን ነው ያየሁት። ወደ ቀኝ ሲዘሉ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሲዘሉ ወደ ግራ። ብዙ አልነበረም። የሁለት ጣት ያህል። ከመዘምራኑ አንዱም አላወቀም።

«አቁሙ» አለች ሄርሜላ። ከበሮው ስለበለጣት ወደፊት ሄዳ አስቴር ፊት ቆመች። «እባክሽ አቁሚያቸው። ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ከላይ ያሉት መጀመሪያ።»

ወረዱ። ራጉኤል ፈጥኖ መጣና ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ።

«ምን ሆነሽ ነው? የተሰበረ ነገር አለ?» አላት።

«የለም።»

«ብየዳ ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው? ለእሑድ ረጋ ብለው ይዘምሩ በሏቸው፣ ከዛ በኋላ ቀስ ብለን እናያለን። እነሱ ምንም አላዩም።»

እውነቱን ለመናገር ራጉኤል ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ይህን ያለው። ለእሷ ብሎ ነው። ዝም ብትል ውሉን አሸንፋለች፤ ከተናገረች በገዛ አፏ ራሷን ከሥራ ማስወጣቷ ነው። እኔ እንኳ፣ ባላጋራዋ፣ ዝም ትበል ብዬ ተመኘሁ። በእኛ ሙያ ድክመት ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ይደረባል፣ ከዚያም ስለ ቀለሙ ማማር ይወራል።

«ረጋ ብለው የሚዘምሩ ሰዎች አይደሉማ» አለች። «እኔ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ደርድሬ ነው ያቆምኳቸው። ወደታች ብቻ ነው የጫንኩት። ሰዎቹ ይዘላሉ፣ ያውም ወደ ጎን፣ ያውም አንድ ላይ። እሑድ ደግሞ ከዛሬ የበለጠ ይዘላሉ። ከላይ የሚቆሙት ልጆች ናቸው።»

«እንከን ካልሽው ውሉን ታውቂዋለሽ» አለ ራጉኤል፤ ድምፁ ደከመ።

«አውቀዋለሁ። እንከን ነው።»

ከዚያ ወደ አስቴር ሄዳ ነገረቻት፤ አላሳጠረችም፣ አላለዘበችም። አስቴር «ለእሑድ ይደርሳል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ይደርሳል። ግን መጀመሪያ እንዴት እንደምትዘሉ አሳይኝ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሄርሜላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከመዘምራኑ መሐል መሬት ላይ ቆመች። አስቴር «አንድ፣ ሁለት» እያለች አስተማረቻት። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሄድ እሷ ወደ ግራ እየሄደች ልጆቹን ገጨች፣ ልጆቹ ሞቱ በሳቅ። በኋላ ምቱን ያዘችው። እኔ በስልኳ ቪዲዮ እንድቀርጻት አዘዘችኝ፤ ቀረጽኩ። ላቧን ጠርጋ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ቪዲዮውን እያየች ምታቸው ምን ያህል እንደሚፈጥን አሰላች፣ ከዚያ ክብደቱን ወደ ጎን አዞረችው።

ሰማያዊ የነበረው ሁሉ ተለወጠ። የመቆሚያው የኋላ እግሮች ጉልበታቸው አካባቢ ቀይ ሆኑ። አየሁት። አስቴርም ከትከሻዬ በላይ አንገቷን አስግጋ አየችው፣ «ኢየሱስ» አለች በቀስታ።

ሄርሜላ ግን ቀዩን አይታ አልፈራችም። ያጠፋቻቸውን ሰያፎች ከኋላ በኩል መለሰች። ቀዩ ቀነሰ። በጎኖቹም ጨመረች፣ የእግሮቹን መርገጫ ላሜራ አሰፋች። ሰማያዊ ሆነ። ልጅቷ በማግሥቱ ሥራ እንደሌላት የምታውቅ አትመስልም ነበር። ብዙ ጎበዝ ሰው አይቻለሁ፤ የራሱን ሥራ በሰው ፊት ከፍቶ «እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» ብሎ በዚያው ትንፋሽ የሚያስተካክል ግን አላየሁም። ኮራሁባት። የእኔ ልጅ ሳትሆን ኮራሁባት፣ ይህም ራሱ አበሳጨኝ።

«እዚሁ ለክተን እዚሁ እንበይደው» አለ ራጉኤል።

«ምንጣፉ ላይ? መጋረጃው ሥር?» አልኩት። «እሳት ልታስነሳ ነው? ግቢያችን ሄጄ ሠርቼው በብሎን ይታሠራል።»

«እንግዲያው ለካና ሂድ። ውሉ አብቅቷል፣ እንደ ድሮህ ሥራ።» ይህን ብሎ ከኪሱ ሜትሬን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

ሰያፍ አስቸጋሪ ነገር ነው። ሁለቱም ጫፉ ያዘነበለ፣ ሁለቱም የሌላ ቱቦ ወገብ የሚያቅፍ። ከቆመው ላይ ካልተለካ የሚሠራው የለም፤ እኔም ሳልለካ ሠርቼ አላውቅም። እጄን ወደ ሜትሩ ልኬ ነበር። ሄርሜላን አየኋት። ላፕቶፑን እየዘጋች ነው፣ ማንንም አታይም።

«አትዝጊው። የሰያፎቹን ወረቀት አትመሽ አምጪልኝ» አልኳት።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ግዴለም፣ ይለኩ። አሁን እኮ እርስዎ አሸንፈዋል።»

«ማሸነፌን አውቃለሁ። ወረቀቱን ስጪኝ ነው ያልኩሽ።»

ራጉኤል ሜትሩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ጠዋት በወረቀቷ ቆረጥኩ። መቆሚያው ላፍቶ ነው፣ እኔ ሀይሌ ጋርመንት ነኝ፤ የማመሳክርበት ብረት አጠገቤ የለም። እያንዳንዱን ስበይድ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። አንዷ ሰያፍ ብትሳሳት ጉባኤው ያለ መቆሚያ ነው፣ ልጅቷም የሄደችው በሁለት ጥፋት ነው የሚባለው። መብራት እንዳይጠፋ ሀና ማርያምን ተማፀንኩ። ለጴንጤዎች መቆሚያ ስለት የገባ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ሰያፎቹንና ሰፋፊዎቹን መርገጫዎች ይዘን ሄድን፤ የእግሮቹንም ቀዳዳ ወረቀቷ ባሳየው ቦታ በድሪል በሳን። የመጀመሪያውን ከኋላው እግር ላይ አስጠጋሁት። የሰያፉ የብሎን ቀዳዳ ከእግሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት መጣ። ብሎኑን በጣቴ ገፋሁት፣ ገባ። ሁለተኛውም እንደዚያው። መዶሻ አልነካሁም። በዚህ ዕድሜዬ ሰያፍ ብረት ያለ መዶሻ ያሠርኩት ያን ቀን ነው።

ልጆቹ እንዲወጡ አስቴር ልትጠራ ስትል ሄርሜላ «መጀመሪያ እኔ» ብላ ከላይኛው እርከን ላይ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። ራጉኤል ከታች እያየን «እናንተ ሰዎች አብዳችኋል» አለና፣ ያንን ወፍራም ሰውነቱን ይዞ እሱም ወጣ። አስቴርና ጎረምሶቹ ተቀላቀሉ። ከበሮው ተመታ፣ ዘለልን። ሦስት የማርያም ልጆች በጴንጤዎች አዳራሽ ውስጥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስንዘል ያየን የሰፈራችን ሰው ቢኖር ንስሐ አባቶቻችን ዘንድ ይሮጥ ነበር። ብረቱ ግን ዝም አለ። ከእግሬ በታች ምንም አልተነቃነቀም።

ስንወርድ አስቴር ሄርሜላን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። እኛ ዕቃችንን ሰበሰብን። አይሱዙው ጋ ስንደርስ ሄርሜላ ቦርሳዋን አንግታ የግቢያችንን የበር ቁልፍ ለራጉኤል ዘረጋችለት።

«የመቆሚያው ንድፍ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ አለ። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቢያዝዝ ሰያፉን እንዳታወጡት። ጋሽ ራጉኤል፣ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው።

ራጉኤል ቁልፉን አልተቀበለም፣ እጇንም አልመለሰም። በሠራተኛ ፊት የተናገረውን ቃል ማጠፍ ለእሱ ሞት ነው፤ አውቀዋለሁ።

«ሰኞ የታዘዝነውን የትምህርት ቤት ሥራ እንጀምራለን አይደል?» አልኩት።

«አዎ።»

«ማነው የሚነድፍልኝ?»

«ሜትር አለህ አይደለም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ» አለ።

«ሜትሬ የቆመ ብረት ነው የሚለካው። ነገ የሚዘለውን ሰው አይለካም።»

«ቃል ገብቻለሁ መኩሪያ። በሁሉም ፊት።»

«ለማን ነው የገባኸው? ወይ እሷ ወይ እኔ ያልኩህ እኔ አይደለሁም? ለእኔ የገባኸውን ቃል እኔ መለስኩልህ። በሁሉም ፊት ካልክም ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሰብስብ፣ ራሴ እናገራለሁ።»

ራጉኤል ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ የሄርሜላን ጣቶች በቁልፉ ላይ መልሶ ጨበጣቸው።

«ሰኞ በጊዜ ግቢ» አላት።

ዓርብ ያላለቀሰችው ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰች፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ሳታፍር። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። የብየዳ ብልጭታ ነው እንዳልል ማሽኑ ግቢያችን ነበር የቀረው።